መሪው ውስጥ ያልነበረው

ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምነግራችሁ። በራሴ ላይ ደርሶ ነው።

ሌሊት አልነበረም። ጠራራ ፀሐይ ነበር። ባለፈው ዓመት፣ ጥቅምት ውስጥ፣ ማክሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ቦታው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ጋራዣችን ነው።

ኢሳያስ እባላለሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አርባ ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠርቻለሁ። ብዙ መናገር አልወድም። ይህንንም ባልጻፍኩት ደስ ባለኝ...

ግን መጻፍ አለብኝ።

ያን ቀን በከተማው ከሞሉት ነጭ ቪትዞች አንዷ ወደ ግቢው ገባች።

የምትነዳው ልጅ ወደ ሠላሳ ዓመት ይሆናታል። አጭር ናት። ወንበሩን ወደ ፊት ስባ፣ መሪው ላይ ተለጥፋ ነው የምትነዳው። ከመሪው እስከ ደረቷ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው።

ያን ስንዝር ልብ አልኩት። ለምን እንደሆነ ያኔ አላወቅኩም።

“አባባ፣ ይቺን መብራት ይዩልኝ” አለችኝ። “አልጠፋ አለችኝ።”

ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት በርቷል። የተቀመጠ ሰው ምስል፣ ከፊቱ ክብ ነገር። ኤር ባግ። መኪና ሲጋጭ ከመሪው ውስጥ ተነፍቶ ወጥቶ የሾፌሩን ደረት የሚቀበለው ከረጢት ነው። መብራቱ በርቶ ከቀረ የከረጢቱ መስመር ላይ ችግር አለ ማለት ነው።

“ሌላ ቦታ አሳይተሻል?”

“ሦስት ቦታ። በማሽን ያጠፉልኛል። ወደ ጨንቻ ስወጣ ደህና ነው። ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ይበራል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ።”

“የትኛው ቦታ?”

ሰዓቷን አየች።

ጨንቻ፣ ተራራው ላይ፣ አዋላጅ ነርስ ናት። በየቀኑ ትወጣለች፣ በየቀኑ ትወርዳለች። ያን ዕለት በአሥር ሰዓት መውጣት ነበረባት።

ዳልጮ ከማዶ ሳቀ። ዳልጮ የተጎዳ መኪና ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል። ግቢውን የምንጋራው እኔና እሱ ነን። አፉ አያርፍም።

“ጋሽ ኢሳያስ፣ ናስትሮ ለጥፍባትና ገላግላት! ካልታየ ምን ቸገራት?”

“አንተ መዶሻህን ያዝ።”

“መዶሻዬ ቢያንስ እንደ መብራትህ ብልጭታ ቁጠርልኝ አይለኝም።”

ልጅቷ ሳቅ አለች። እኔ አልሳቅኩም። እንዲህ ያለ ቀልድ አይመቸኝም። ምክንያት አለኝ።

ማሽን የለኝም። የድሮውን መንገድ ነው የማውቀው። ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ሁለት ቀዳዳዎችን በአጭር ሽቦ ታገናኛለህ። ቁልፉን ትከፍታለህ። መብራቱ ራሱ ብልጭ ድርግም እያለ ኮዱን ይቆጥርልሃል።

ገብቼ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ከመሪው ሥር ተሰነቀረ። ሽቦውን ሰካሁ።

አንድ... ዕረፍት... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

አሥራ አራት። የሾፌሩ ኤር ባግ መስመር ተቋርጧል።

“መኪናውን ከማን ገዛሽው?”

“አልገዛሁትም። የአባዬ ነው። በዚሁ ነው ያረፈው። እዚያ ቁልቁለቱ ላይ። አራት ዓመቱ። እስከ ክረምቱ ድረስ ቆሞ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስነሳሁት። ሦስት ወር ሆነኝ።”

“አባትሽ ማነው?”

“ገነነ። ወንጌላዊ ገነነ።”

የዳልጮ መዶሻ ቆመ።

እጄ ከቁልፉ ላይ ወረደ።

ገነነን አውቀዋለሁ። አንድ አጥቢያ ነን። ሃያ ዓመት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ዘምረናል። ልጁን ብሩክታዊትን የማውቃት ትንሽ ሳለች ነበር፤ ለትምህርት ወጥታ ሰው ሆና ተመልሳለች፣ አላወቅኳትም። ቀብሩ ዕለት ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ረጅም ሰው ስለነበር ሳጥኑም ረጅም ነበር።

ሦስት ቀን ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥኩ። ለቀስተኛው አንድ ነገር ይል ነበር፤

“መኪናው እኮ ይህን ያህል አልተጎዳም... ሰውየው እንዴት ሞተ?”

“መሪው ደረቱን መታው።”

ይህን ስሰማ አንገቴን ደፋሁ። ሰው ኀዘን መሰለው።

ኀዘን ብቻ አልነበረም። ያቺን መኪና ዳልጮ ሲያቃናት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነበረች። ከእኔ ሃያ እርምጃ ላይ። ሁለት ሳምንት ቆመች። ሄጄ መሪዋን መክፈት እችል ነበር።

አንድም ቀን አልቀረብኳትም።

“ምን ሆኖ ነው አባባ?” አለችኝ።

“ሽቦ ላልቷል” አልኳት። ገና ምንም አልከፈትኩም።

ባትሪውን ፈታሁ። ኤር ባግ ያለበትን መሪ ከመክፈትህ በፊት ዘጠና ሰከንድ ትጠብቃለህ። ባትሪው በግጭት ቢቆረጥ እንኳ ከረጢቱ እንዲነፋ የኤር ባጉ ኮምፒውተር ትንሽ ኃይል አስቀርቶ ይይዛል። ከዘጠና ሰከንድ በኋላ ያልቃል።

ሰዓቴን አየሁ።

ዘጠና ሰከንድ... ሁለት ደቂቃ... ለመጠንቀቅ አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ።

በሩን ከፈትኩ።

መብራቱ እየቆጠረ ነው።

አንድ... ዕረፍት... አራት።

ሶኬቱን አየሁ። አጭሩ ሽቦ እጄ ላይ ነው። ነቅዬዋለሁ። ቁልፉም ተዘግቷል።

ተመልሼ ባትሪውን ጭራሽ አወጣሁት። መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

አንድ... ዕረፍት... አራት።

“ዳልጮ” አልኩ በቀስታ። “ና እስኪ።”

መጣ። መሬት ላይ ያለውን ባትሪ አየ። መብራቱን አየ። እንደገና ባትሪውን አየ።

“ጋሼ... ከረንት ከየት ነው የሚመጣለት?”

“እንጃ።”

“አንተ ‘እንጃ’ ስትል ዛሬ ገና ሰማሁ።”

ወደ ሥራው ተመለሰ። መዶሻውን ግን አላነሳም። ተቀምጦ ያየኝ ጀመር።

መሪውን ለመክፈት ተመልሼ ገባሁ...

ጉልበቴ ምንም አልነካም።

መሪው ርቆኛል። እግሬ ፍሬኑ ላይ አይደርስም። ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተስቧል።

“ዳልጮ፣ ወንበሩን ነክተሃል?”

“እኔ? እጄን እንኳ አላስገባሁም።”

ልጅቷ ማዶ ማንጎው ሥር ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። ከተቀመጠች አልተነሳችም።

ወንበሩን እንዲያ አርቆ የሚነዳ አንድ ሰው አውቅ ነበር።

እጄ ግን ሥራውን ያውቃል። ብሎኖቹን ከመሪው ጀርባ ፈታሁ። ሽፋኑን ሳብኩት።

ቀለለኝ።

ኤር ባግ ያለበት ሽፋን ይከብዳል። ይሄ እንደ ቅርፊት ነበር። ገለበጥኩት። ባዶ ነው። ከረጢቱ ሊገጥምበት የሚገባው ሽቦ ጫፍ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ሬዚስተር ተበይዳለች።

ይህ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከውጭ ተጋጭተው የሚመጡ መኪኖች አሉ። ኤር ባጋቸው ፈንድቶ አልቋል። አዲስ ከማስገባት ይልቅ የተቀደደው ሽፋን ተለጥፎ ይመለሳል። በከረጢቱ ቦታ ሬዚስተር ይበየዳል። ኮምፒውተሩ ከረጢቱ ያለ ይመስለዋል። መብራቱ ይጠፋል። መኪናው ይሸጣል።

ማን እንደሠራው መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ናስትሮው ሥር ነጭ የጥጥ ክር ታስሯል።

አባቴ ሸማኔ ነበር። የተበጠሰ ድር የሚቀጥልበትን ቋጠሮ ልጅ ሳለሁ አስተማረኝ። ሽቦ ከበየድኩ በኋላ፣ ናስትሮ ከመጠቅለሌ በፊት፣ በዚያ ቋጠሮ አስረዋለሁ። የመኪና መንቀጥቀጥ አያላላውም። በዚህ ከተማ እንደዚያ የሚያስር ሌላ ኤሌክትሪሺያን የለም።

የእኔ እጅ ነው።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንድ ደላላ አመጣት። “ጋሼ፣ መብራቷን ብቻ አጥፋልኝ” አለኝ። አጠፋሁለት። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ማን እንደሚገዛት አልጠየቅኩም።

ክሩን ነካሁት። አልላላም። ብየዳው አልለቀቀም። በቴስተር ለካሁት፤ ልክ ነው። ኮምፒውተሩ እንደ ድሮው መታለል ነበረበት።

ግን አልታለለም። ባዶ መሆኑን እየተናገረ ነው።

“አባባ፣ አገኙት?”

ልጅቷ ከኋላዬ ቆማለች። ሽፋኑን በጉያዬ ደበቅኩት። እንደ ሌባ።

“አዎ። ሽቦ ነው። አስተካክለዋለሁ” አልኳት።

ይህን ስል የዳሽቦርዱ መስታወት ከውስጥ ጉም ለበሰ።

በሲቀላ ሙቀት። በዚያ ፀሐይ።

ጉሙ ትንሽ ቆየ። ሳሳ። እንደገና ለበሰ... ሳሳ... ለበሰ።

ሰው አፉን አስጠግቶ ሲተነፍስበት እንደሚሆነው። ትንፋሹ አጭር አጭር ነው። ደረቱን እንደሚያመው ሰው።

በእኛ በጋሞ ጎሜ የሚባል ነገር አለ። አባቴ እንደሚለው፣ ሰው ያጠፋውን ሸሽጎ ከያዘ ጥፋቱ ተቀብሮ አይቀርም። ምንም በማያውቅ ሰው ላይ ይወጣል። የሚፈታው በአንድ መንገድ ነው፤ በተበደለው ሰው ፊት ቆሞ፣ ሳያሳንሱ በመናገር።

እኔ ወጣት ሳለሁ ጌታን ተቀበልኩ። ይህን ሁሉ ተውኩት። ጥፋቴን ለእግዚአብሔር እነግራለሁ አልኩ።

ነግሬዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ፣ በየዕለቱ ተንበርክኬ ነግሬዋለሁ።

ለሰው ግን አልነገርኩም።

“ሰዓት ሄደብኝ” አለች ብሩክታዊት። “ይግጠሙልኝና ልሂድ። ምጥ ላይ ያለች ሴት ትቼ ነው የወረድኩት።”

ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት።

“አትሄጂም።”

“ምን አሉኝ?”

“በዚህ መኪና አትሄጂም። ነይ፣ ይህን እዪ።”

ባዶውን ሽፋን አሳየኋት። ሬዚስተሩን አሳየኋት። ክሩን አሳየኋት።

“ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ። እዚህ ውስጥ አባትሽን የሚቀበል ነገር መኖር ነበረበት። አልነበረም። አለመኖሩን መብራቱ እንዳይናገር ያደረግኩት እኔ ነኝ። ድንኳኑ ውስጥ ስቀመጥ ጠርጥሬ ነበር። ዝም አልኩ። አሁንም ከደቂቃ በፊት ዋሸሁሽ።”

አልጮኸችም። ሽፋኑን ከእጄ ወሰደች። እጇን ወደ ውስጥ አስገብታ ዳበሰችው። ጥግ ጥጉን ሁሉ።

“ባዶ ነው” አለች በሹክሹክታ።

“ባዶ ነው።”

“እኔም በዚህ... ሦስት ወር...”

“አዎ።”

ዳልጮ ተነስቶ ወደ አጥሩ ዞረ። ፊቱን ማሳየት አልፈለገም።

ልጅቷ ሽፋኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠች።

“ለእማዬ እኔ አልነግራትም። እርስዎ ይንገሯት።”

ሬዚስተሩን ቆርጬ ጣልኩት። አሁን መስመሩ በእርግጥ ተቋርጧል። ባትሪውን መልሼ አሰርኩ። ቁልፉን ከፈትኩ። እንደ ደንቡ ከሆነ መብራቱ መብራት ያለበት አሁን ነው።

ጠፋ።

ብዙ ጠበቅኩ። ጠፍቶ ቀረ።

እሷ በሚኒባስ ወደ ጨንቻ ወጣች። እኔ በባጃጅ ወደ እናቷ ሄድኩ።

ፀዳለ በረንዳዋ ላይ የሽፈራው ቅጠል ትቀነጥስ ነበር።

“ወንድም ኢሳያስ! ምን እግር ጣለህ?”

“እህት ፀዳለ፣ አልቀመጥም። ቆሜ የምነግርሽ ነገር አለኝ።”

ነገርኳት። ደላላውን፣ ሬዚስተሩን፣ ድንኳኑን፣ ሃያ እርምጃውን። ሳላሳንስ።

እጇ ቅጠሉ ላይ ቆመ።

“ያን ቀን” አለች ቀስ ብላ፣ “ጠዋት ሊወጣ ሲል ያቺ መብራት በርታ ነበር። ‘ኢሳያስ ጋ ጎራ በል’ አልኩት። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?”

ቅጠሉን ወደ ጎን ገፋችው።

“‘የሸጠልኝ ሰው ሽቦዋን የሠራው ኢሳያስ ነው ብሎኛል’ አለኝ። ‘ኢሳያስ የሠራው ነገር አያሰጋም’ አለኝ። ሳቀ። ሄደ።”

ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከአባቴ ቀብር ወዲህ አልቅሼ አላውቅም ነበር።

“አታልቅስብኝ” አለችኝ። እሷ አላለቀሰችም። “ስንት ናቸው?”

“ምኖቹ?”

“እንዲህ ያደረግሃቸው መኪኖች።”

“ከእናንተዋ ሌላ አሥራ ሁለት... ከዚያ አይበልጡም... አልጻፍኳቸውም።”

“እያንዳንዳቸውን የሚነዳ ሰው አለ አይደል?”

“አለ።”

“ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ተነሥ። ሂድና ፈልጋቸው።”

ተነሣሁ።

ዘጠኙን አስታወስኩ። እየሄድኩ መሪያቸውን ከፈትኩ። ሬዚስተሩን ቆረጥኩ። መብራቱ በርቶ እንዲቀር ተውኩትና ለባለቤቶቹ ፊት ለፊት ነገርኳቸው። አንዱ በጥፊ መታኝ። አንዲት መምህርት “እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ብላ እጄን ሳመች። ጥፊው ይሻለኝ ነበር።

ለገነነ መኪና እውነተኛ ኤር ባግ ከአዲስ አበባ አስመጣን። በእጄ ገጠምኩት። ብሩክታዊት አጠገቤ ቆማ እያንዳንዱን ብሎን ታይ ነበር። አላመነችኝም። ልክ ናት።

የቀሩትን መኪኖች ግን ማስታወስ አቃተኝ። ተኝቼ አሰብኩ፣ እየሠራሁ አሰብኩ። ደላላውም ከከተማው ከወጣ ቆይቷል።

ጥር ላይ አንድ ሰው ከካምባ መጣ። ፊቱን አላውቀውም።

“ኢሳያስ አንተ ነህ?”

“ነኝ።”

“መሪዬን ክፈትልኝ።”

መፍቻዬን አስቀመጥኩ።

“ማን ላከህ?”

“መንገድ ዳር አንድ ሰው እጁን አነሣ። ሊሳፈር መስሎኝ ቆምኩለት። ‘ሲቀላ ኢሳያስ ጋ ሄደህ መሪህን አስከፍት’ አለኝ። እኔ ደግሞ ዕብድ መስሎኝ ነበር...”

“ለምን መጣህ ታዲያ?”

“እንጃ። አነጋገሩ ነው። እያለከለከ፣ ደረቱን በእጁ ይዞ... ‘አሞሃል ወይ?’ ስለው፣ ‘ሌሎች ሁለት ቀርተውታል በለው’ አለኝ።”

“ስሙን ጠየቅከው?”

“ጠየቅኩት። ‘ያውቀኛል’ አለኝ።”

መሪውን ከፈትኩት። ባዶ ነበር። በጥጥ ክር ታስሯል።

መጋቢት ላይ አንዲት ነጋዴ ሴት መጣች። ጨው የጫነች መኪና ይዛ። የነገረችኝ ያንኑ ነው። ያው ሰው፣ ያው አተነፋፈስ። ቁጥሩ ብቻ ተለውጧል።

“አንድ ቀርቶታል በይው አለኝ።”

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሥራ ሰዓት ሁሉ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው። ዳልጮ እንኳ አይቀልድብኝም። ምሳዬን መንገድ ዳር ይዞልኝ ይመጣል።

ባለፈው ሐሙስ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ አንዲት ብርማ ኮሮላ መጣች።

ሳያት አወቅኳት። ስንት ጊዜ ላስታውሳት ሞክሬ ያቃተችኝ መኪና፣ ሳያት ወዲያው አወቅኳት። የሚነዳት ሰው አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ሁለት ልጆች ከኋላ ተቀምጠው ሙዝ ይበላሉ።

ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ወጣሁ። እጄን አነሣሁ።

“ቁም! ቁም!”

ሹፌሩ ፈገግ አለ። እጁን አወዛወዘልኝ። ሰላምታ መሰለው።

አለፈ።

ዳልጮ በሞተር ተከተለው። ከጨንቻ መገንጠያ ወዲያ ጠፋበት። ተራራውን ይውጣ ወይ ወደ ሶዶ ይሂድ አላወቀም። እስከ ዛሬ እየጠየቅን ነው። ይህን የጻፍኩትም ለዚህ ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ የተገዛች ብርማ ኮሮላ ያለህ ሰው፣ ምንም መብራት ባይበራብህም ና። ሲቀላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነኝ። ልጆቹን ሳትይዝ ና።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ለዳልጮ አልነገርኩትም።

ሹፌሩ ለእኔ እጁን ካወዛወዘ በኋላ፣ ወደ መንገዱ ማዶ ዞረ። እዚያም ላለ ሰው ፈገግ አለ። እዚያም እጁን አወዛወዘ። ከኋላ ያሉት ልጆችም ሙዛቸውን እንደያዙ አወዛወዙ... አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ወደ ላይ እያዩ።

ማዶውን አየሁት። የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነበር።